ሲጠራጠር የሚያቆም ብረት፦ የባቡር ሲግናል ቤት ታሪክና ዕቃዎቹ

በደሴ ከተማ፣ ሆጤ፣ ለአጠቃላይ ታዳሚ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ከዚህ ከሆጤ ተነስቶ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው ሁሉ የባቡሩን መስመር አይቶታል። ሐዲዱ ተነጥፏል፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶው ቆሟል፤ ዋሻው ተፈልፍሏል፤ ድልድዩ ተዘርግቷል። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል አድርጎ ወልድያ አካባቢ እስካለችው ሐራ ገበያ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ይህ መስመር ውሉ ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ጋር በ2004 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ደሴም ኮምቦልቻም ውስጥ ቡና በተጠጣበት ሁሉ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ “ባቡሩ መቼ ነው የሚመጣው?” ይባላል። ደሴዎች ደግሞ “ለምን እኛ ጋ አይወጣም?” ብለን እንጨምርበታለን። ለሁለተኛው መልሱ ቀላል ነው። ኮምቦልቻና ደሴ በከፍታ ከ600 ሜትር ያላነሰ ይለያያሉ። ከባድ ጭነት የሚጎትት ባቡር በ100 ሜትር ርቀት ላይ 2 ሜትር ከፍ ማለት እንኳ ያስጨንቀዋል፤ በዚያ ሒሳብ ሐረጎን ለመውጣት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ጠመዝማዛ ሐዲድ በገደል ላይ ማንጠፍ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን ለሚመለከታቸው ትቼ፣ ማንም ሲጠይቀው ያልሰማሁትን ሦስተኛ ጥያቄ ላንሳ።

መስመሩ ነጠላ ነው። በዚያው ሐዲድ ላይ ከአዋሽ የሚወጣ ባቡር ይኖራል፤ ከሐራ ገበያ የሚወርድም ይኖራል። ሁለቱ እንዴት ሳይጋጩ ይተላለፋሉ?

“ሾፌሩ አይቶ ይቆማላ!” የሚል ይኖራል። የሐረጎን መንገድ የሚያውቅ የከባድ መኪና ሾፌር ከፊቱ መኪና ብቅ ሲልበት መሪውን ይጠመዝዛል፤ ፍሬን ይረግጣል፤ ጎማው አስፋልቱን ነክሶ ይይዛል። ባቡር መሪ የለውም። ጎማውም ብረት፣ የሚሄድበትም ብረት ነው፤ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይናከስም። ጭነት የሞላ ባቡር በደህና ፍጥነት እየሄደ ፍሬን ቢይዝ ለመቆም አንድ ኪሎ ሜትር ሊፈጅበት ይችላል። ኩርባው ላይ ወይም ዋሻው አፍ ላይ ሌላ ባቡር ባየ ጊዜ ነገሩ አብቅቷል። ስለዚህ በባቡር ሥራ የሾፌሩ ዓይን አይበቃም። ሾፌሩ ያልደረሰበትን ቦታ አስቀድሞ የሚያይለት ሌላ አካል ያስፈልጋል፤ ያ አካል መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የኖረው ሲግናል ቤት በምትባል ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያች ቤትና በውስጧ ስላሉት ዕቃዎች ነው።

በመጀመሪያ ቤቷም አልነበረችም። እንግሊዞች በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ባቡር ሲጀምሩ በየቦታው ባንዲራና ፋኖስ የያዘ ዘበኛ አቆሙ። ባቡር ካለፈ በኋላ ዘበኛው የተወሰነ ደቂቃ ይጠብቃል፤ ከዚያ ቀጣዩን ያሳልፋል። የፊተኛው ባቡር መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቢቆምስ? ዘበኛው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ የሚቆጥረው ደቂቃ እንጂ ባቡሩ ያለበትን ቦታ አልነበረም። ይህን የለወጠው ቴሌግራፍ ነው። መስመሩ በክፍል በክፍል ተቆራረጠ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በላይ እንዳይገባ ተወሰነ። በየክፍሉ ጫፍ ያለው ሰው፣ ቀጣዩ ሰው በሽቦ “ባቡርህ ወጥቶልኛል” እስኪለው ድረስ ሌላ አይለቅም። ሐሳቡ ይህች ብቻ ናት። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚችው ላይ ነው።

እስቲ አሁን ወደ አንድ የድሮ ሲግናል ቤት እንግባ። ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ከታች ድንጋይ ወይም ጡብ፣ ከላይ እንጨት። የላይኛው ክፍል በሦስት በኩል መስኮት ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ግራና ቀኙን ማየት አለበት። በመሐል፣ ከወለሉ በቅለው የቆሙ ይመስል፣ ሌቨር የሚባሉ ቁመታቸው ደረት የሚደርስ የብረት ዘንጎች ተደርድረዋል። በትንሽ ጣቢያ አሥር ይሆናሉ፤ እንግሊዝ አገር ሽሩስበሪ በምትባል ከተማ እስከ ዛሬ የቆመው ትልቁ ቤት 180 ሌቨር እንዲይዝ ሆኖ በ1903 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሌቨር ቀለም አለው። ቀዩ የማቆሚያ ምልክት ያንቀሳቅሳል፤ ቢጫው ከሩቅ የሚያስጠነቅቀውን፤ ጥቁሩ ሐዲዱን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያዞረውን፤ ሰማያዊው የዞረው ሐዲድ እንዳይላወስ የሚቆልፈውን። ነጩ ሥራ የለውም፤ ለወደፊት የተቀመጠ ትርፍ ነው።

የሌቨሮቹ ጫፍ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ሠራተኛው በባዶ እጁ አይነካቸውም፤ ሁልጊዜ ጨርቅ ይዞ ነው የሚጎትተው። የእጅ ላብ ብረቱን ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ደግሞ እጅ ይልጣል። ሲጎትት በክንዱ ብቻ አይደለም፤ አንድ እግሩን ከፊት አስደግፎ በሙሉ ሰውነቱ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ከሌቨሩ ሥር የሚነሳው ሽቦ በመዘውር ላይ እየተንሸራተተ መቶዎች ሜትር ሄዶ ነው ምሰሶው ላይ ያለውን ክንድ የሚያነሳው። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲከር ሽቦው ይለጠጣል፤ ሌሊት ይኮማተራል። ስለዚህ ሠራተኛው በቀን ውስጥ ሽቦውን ማጥበቅና ማላላት አለበት፤ አለዚያ ሌቨሩ እስከ መጨረሻው ተስቦ ክንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ጥሩ ሠራተኛ ገና ሲጎትተው ክብደቱን አይቶ ክንዱ መነሳቱን ያውቃል።

ከሌቨሮቹ በላይ መደርደሪያ አለ፤ መደርደሪያው ላይ መርፌ ያላቸው የእንጨት ሣጥኖችና ደወሎች። በግራ ያለው ጣቢያ ደወልና በቀኝ ያለው ጣቢያ ደወል ድምፃቸው ይለያያል፤ ሠራተኛው ዞሮ ሳያይ ማን እንደጠራው ያውቃል። ንግግሩ በምት ነው። አንድ ምት “እባክህ ስማኝ” ነው። ሦስት ተመትቶ፣ ጥቂት ቆይቶ አንድ ሲጨመር “ተራ የመንገደኛ ባቡር ትቀበለኛለህ?” ማለት ነው። ወዲያኛው ሊቀበል ከፈለገ ያንኑ መልሶ ይመታል፤ ካልፈለገ ዝም ይላል። ሁለት ምት “ባቡሩ ገባልህ”፤ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ሲሆን “ወጣልኝ፣ መንገዱ ነጻ ነው” ነው። ይህ ሁሉ ከነሰዓቱ ሰፊ መዝገብ ላይ ይጻፋል። መዝገቡን አትርሱት፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የቤቷ ልብ ግን የሚገኘው መንገደኛ በማያየው ቦታ፣ ከታች ፎቅ ውስጥ ነው። ሁለት ባቡር የሚያጋጭ ትእዛዝ ለመስጠት ሁለት ሌቨር መጎተት ይበቃል፤ አንዱ ሐዲዱን ወደ ግራ ያዞራል፣ ሌላው ከግራ ለሚመጣው “እለፍ” ይላል። ሰው ሲደክም ይህን ያደርጋል። በፈረንሳይ አገር ቪኚዬ የሚባል መሐንዲስ በ1855 እ.ኤ.አ.፣ በእንግሊዝ ጆን ሳክስቢ በቀጣዩ ዓመት፣ ሌቨሮቹ እርስ በርስ እንዲቆላለፉ አደረጉ። ከእያንዳንዱ ሌቨር ሥር ጥርስ የወጣለት ብረት አለ፤ በመካከላቸው ደግሞ ልክ እንደ በር መወርወሪያ ግራና ቀኝ የሚንሸራተት ብረት። አንዱ ሌቨር ሲጎተት መወርወሪያው ተንሸራትቶ ከእርሱ ጋር ጠላት በሆኑት ሌቨሮች ጥርስ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ቢደክም፣ ቢሰክር፣ አለቃ ቆሞ ቢጮህበት እንኳ ያ ሌቨር ንቅንቅ አይልም። እኔ ከሰው ልጅ የእጅ ሥራ መካከል የማደንቀውን ጥራ ብባል ከአውሮፕላን በፊት ይህን እጠራለሁ፤ አንድ ሕግ በወረቀት ላይ መጻፉ ቀርቶ በብረት ተጽፎ፣ መጣሱ የሚያስቀጣ ሳይሆን የማይቻል ሆኗልና።

ሁለተኛው ትምህርት በደም የመጣ ነው። በጥር ወር 1876 እ.ኤ.አ. አቦትስ ሪፕተን በሚባል የእንግሊዝ ጣቢያ አጠገብ ከባድ በረዶ ጣለ። በዚያ ዘመን የምልክቱ ክንድ በተለመደው ጊዜ “እለፍ” እንዳለ ነበር የሚቆየው፤ ባቡር ማቆም ሲያስፈልግ ብቻ ወደ አደጋ ምልክት ይዞራል። በረዶው ክንዱን ከምሰሶው ጋር አጣብቆ ያዘው። ሠራተኛው ሌቨሩን አዞረ፤ ክንዱ ግን “እለፍ” እንዳለ ቀረ። ፈጣኑ ባቡር መጥቶ ወደ ጎን ሐዲድ በመግባት ላይ ከነበረ የከሰል ባቡር ጋር ተላተመ፤ ከወዲያኛው በኩል የመጣው ሌላ ፈጣን ባቡር ደግሞ ስብርባሪው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ክንዱ ዘወትር “ቁም” እያለ ይቆይ፤ “እለፍ” የሚለው ሰው ሆን ብሎ ሲፈቅድ ብቻ ይሁን ተባለ። ሽቦው ቢበጠስ ከክንዱ ጋር የተያያዘው ክብደት ራሱ ወደ “ቁም” እንዲመልሰው ተደረገ።

ቀለሙም እንዲሁ። ድሮ ቀይ “ቁም”፣ አረንጓዴ “ተጠንቀቅ”፣ ነጭ ብርሃን ደግሞ “እለፍ” ነበር። ቀዩ መስታወት ቢሰበር ምን ይታያል? ነጭ ብርሃን! የተሰበረ ዕቃ “እለፍ” ይላል ማለት ነው። ስለዚህ ነጩ ተሽሮ አረንጓዴው “እለፍ” ሆነ። ያንን አረንጓዴ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን ይገረማል፤ መስታወቱ አረንጓዴ አይደለም፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የላምባ ፋኖስ ነበልባል ቢጫ ነውና፣ ቢጫው በሰማያዊው ውስጥ ሲያልፍ ለሾፌሩ አረንጓዴ ሆኖ ይታየዋል።

ይህን ሁሉ አንድ መርሕ ያስተሳስረዋል፤ የዛሬው ንግግሬም ፍሬው እሱ ነው። ዕቃው ሲበላሽ፣ ሽቦው ሲበጠስ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ መልሱ ምንጊዜም “ቁም” መሆን አለበት። እርግጠኛ ያልሆነ ነገር ባቡር አያሳልፍም።

ወደ ነጠላው መስመር ልመለስ፤ የእኛ ጉዳይ እሱ ነውና። በነጠላ መስመር ላይ ግጭቱ ፊት ለፊት ነው። በመስከረም 1874 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኖሪች ከተማ አጠገብ ቶርፕ በሚባል ቦታ አንድ ማታ በሁለት ጣቢያዎች መካከል የቴሌግራፍ መልእክት ተላለፈ፤ “ባቡሩን ልቀቀው” የሚል። የላከው ጽሕፈት ቤት የኃላፊው ፊርማ ሳይኖርበት ነው የላከው። ከራሱ በኩል ሌላ ባቡር መነሳቱ ሲታወቅ መልእክቱን ለመሻር ተሯሯጡ፤ መልሱ ግን “ሄዷል” የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ በጣቢያው የነበሩት ሰዎች ሁለቱ ባቡሮች እስኪገናኙ ከመጠበቅ በቀር የሚያደርጉት አልነበራቸውም። 25 ሰዎች ሞቱ። አያችሁ፣ ቴሌግራፉ አልተበላሸም፤ በደንብ ሠርቷል። የተበላሸው በቃል መታመኑ ነው። ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ አይመለስም፤ ደግሞም ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ሁለት የተለያየ ቃል ሊሰጥ ይችላል።

ኤድዋርድ ታየር የተባለ እንግሊዛዊ በ1878 እ.ኤ.አ. የሠራው መሣሪያ ለዚህ መልስ ነበር። በሁለቱ ጣቢያዎች ሁለት ሣጥን መሰል መሣሪያዎች ይቀመጣሉ፤ በሽቦ የተገናኙ ናቸው። በውስጣቸው ታብሌት የሚባሉ ክብ ብረቶች ተደርድረዋል፤ የሁለቱ ጣቢያዎች ስም ተቀርጾባቸዋል። ከዚህኛው ጣቢያ አንድ ታብሌት ለማውጣት የወዲያኛው ሰው ፈቅዶ ኤሌክትሪክ መላክ አለበት። አንዷ ከወጣች በኋላ ሁለቱም ሣጥኖች ይቆለፋሉ፤ ያቺ ብረት ከሁለቱ ባንዱ ተመልሳ እስካልገባች ድረስ ሌላ አትወጣም። ሾፌሩ ያችን ብረት በእጁ ካልያዘ አይነሳም። ብረቷ በቆዳ ከረጢት ውስጥ ትገባለች፤ ከረጢቱ ትልቅ ቀለበት አለው፤ ባቡሩ ሳይቆም ሲያልፍ ረዳቱ ክንዱን ዘርግቶ ቀለበቱን ከጣቢያው ሠራተኛ ይነጥቃል፤ በሌላው እጁ ያለፈውን ክፍል ብረት ያስረክባል። መብቱ በወሬ ሳይሆን በብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ባንድ ጊዜ በሁለት ቦታ አይገኝም። በህንድ አገር ይኸው ሐሳብ በብረት ኳስ ተሠርቶ ለብዙ ዘመን አገልግሏል።

የእኛስ? ዐፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በታኅሣሥ 1895 ድሬዳዋን ወለደ። “ወለደ” ማለቴ ለጌጥ አይደለም፤ ከባቡሩ በፊት ከተማይቱ አልነበረችም። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ሲከስር በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጠ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ለገሃር የምንለው የጣቢያ ሕንጻ የተመረቀው ደግሞ በኅዳር 1922 ዓ.ም.። ከባሕር ጠረፍ እስከ ሸዋ ወደ 780 ኪሎ ሜትር፤ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር፤ መስመሩ ነጠላ።

በዚህ መስመር ላይ የእንግሊዞቹን ዓይነት 180 ሌቨር ያለው ቤት የሚፈልግ አያገኝም። ባቡሩ ጥቂት፣ ጣቢያው የተራራቀ ነበር፤ ስለዚህ ሥራው በዋናነት የጣቢያ ሹሙና የስልኩ ሆነ። ሐዲዱን ተከትሎ የሚሄደው ሽቦ የሐዲዱ ግማሽ አካል ነበር። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የጣቢያው ሹም “ሼፍ ደ ጋር”፣ መሣሪያው በእጅ የሚዞር ስልክ። ሹሙ ስልኩን አዙሮ ቀጣዩን ጣቢያ ይጠራል፤ መንገዱ ነጻ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ባቡሩን ይለቃል። ከወዲያ የሚመጣ ካለ አንዱ በጣቢያው ጎን ሐዲድ ገብቶ ይጠብቃል። የቶርፕን ታሪክ የሰማችሁ ሰዎች ይህ ምን ያህል በሹሙ ጥንቃቄ ላይ የተንጠለጠለ እንደሆነ ይገባችኋል። በቀድሞው ዘመን ደግሞ ከሁሉ የቀለለ መከላከያ ነበራቸው፦ ሲመሽ መቆም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው የድሮው የፈረንሳዮች ሆቴል፣ ቡፌ ደ ላ ጋር የሚባለው፣ የተሠራው ለዚሁ ነው። በጨለማ ካለመሄድ የሚበልጥ ሲግናል የለም ብለው ይሆናል፤ እኔ አልስቅባቸውም።

አሁን ወደ መዝገቡ ልመለስ። በግንቦት 22 ቀን 1915 እ.ኤ.አ.፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በስኮትላንድ ድንበር ኩዊንቲንስሂል በሚባል ሲግናል ቤት የሆነው በባቡር ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስጨንቀኝ ታሪክ ነው። የሌሊቱ ሠራተኛ ጧት በ12 ሰዓት ለተተኪው ማስረከብ ነበረበት። ሁለቱ ግን በድብቅ ተስማምተው ተተኪው ግማሽ ሰዓት አርፍዶ፣ በዚያ በኩል በምታልፈው የመንደር ባቡር ተሳፍሮ ይመጣ ነበር። ማርፈዱ እንዳይታወቅ በመካከሉ የሆነው ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ይጻፋል፤ ተተኪው ሲመጣ በራሱ የእጅ ጽሑፍ ወደ መዝገቡ ይገለብጠዋል። ያን ቀን ጧት የመንደሯ ባቡር ለፈጣኑ መንገድ እንድትለቅ ተብሎ ወደ ተቃራኒው ዋና ሐዲድ ተገፋች። ተተኪው ከእርሷ ወርዶ ደረጃውን ወጣ፤ ተቀመጠ፤ መገልበጥ ጀመረ። ባቡሯ ከመስኮቱ ሥር ቆማለች። የእርሷ ረዳት እንኳ እንደ ደንቡ ወደ ሲግናል ቤቷ ወጥቶ “እኛ እዚያ ቆመናል” ብሎ መዝገቡ ላይ ፈርሟል።

የብረት ቀለበት የምትባል እጅግ ተራ ዕቃ አለች። ሐዲዱ ላይ ባቡር ከቆመ ሠራተኛው ቀለበቷን በሌቨሩ አንገት ላይ ያጠልቃል፤ ሌቨሩ አይጎተትም፤ ሠራተኛውም ያስታውሳል። ያን ቀን ቀለበቷን ማንም አላጠለቀም። ደወሉ ተመታ፤ ወታደር የጫነ ባቡር ይመጣል ተባለ፤ ከደቂቃዎች በፊት ራሱ የወረደባትን ባቡር የረሳው ሠራተኛ ተቀበለ፤ ክንዱን ወደ “እለፍ” አዞረ። የወታደሮቹ ባቡር ከቆመችው ጋር ተላተመ፤ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከለንደን በኩል የመጣው ፈጣን ባቡር ስብርባሪው ላይ ወጣ። ፉርጎዎቹ የእንጨት፣ መብራታቸው የጋዝ ነበርና ተቀጣጠለ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ወደ ግንባር የሚሄዱ ወጣቶች ነበሩ። ሁለቱ ሠራተኞች ታሰሩ። እኔ ግን እስሩ ብዙም አያረካኝም። ብረት የሚጠብቀው ነገር ሁሉ ያን ቀን ተጠብቋል፤ የተሳተው ለሰው ትዝታ የተተወው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ያንን አንድ ነገር የሚሞላ ዕቃ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከተፈጠረ አርባ ዓመት አልፎት ነበር። ዊልያም ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1872 እ.ኤ.አ. ሐዲዱን ራሱን የኤሌክትሪክ ሽቦ አደረገው። ከክፍሉ አንድ ጫፍ ባትሪ፣ ከሌላው ጫፍ ሪሌይ የሚባል ትንሽ ማግኔት። ኤሌክትሪኩ በአንዱ ሐዲድ ሄዶ በሌላው ሲመለስ ማግኔቱ ብረቱን አንስቶ ይይዛል፤ ምልክቱ አረንጓዴ ይሆናል። ባቡር ሲገባ ጎማውና ዘንጉ ሁለቱን ሐዲድ ያገናኛል፤ ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ ይመለስና ማግኔቱ ጋ አይደርስም፤ ብረቱ በክብደቱ ይወድቃል፤ ቀይ። ውበቱን ተመልከቱ፤ ባትሪው ቢያልቅም ቀይ፤ ሽቦው ቢቆረጥም ቀይ፤ ሐዲዱ ራሱ ቢሰበርም አብዛኛውን ጊዜ ቀይ። የበረዶው ትምህርት ያለ ክንድና ያለ ሽቦ ተደገመ።

ምልክት ብቻውን ግን ባቡር አያቆምም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የመንገደኛ ባቡር በኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከድልድዩ ወደ ገደል ወደቀ። ከ400 በላይ ወገኖቻችን አለቁ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። እዚያ ላይ መንገዱ ነጻ ነበር፤ የጠፋው ፍጥነት የሚገታ ነው። ዘመናዊዎቹ መስመሮች የጨመሩት ይህን ነው፤ ሾፌሩ ምልክቱን ወይም የፍጥነት ገደቡን ቢያልፍ መሣሪያው ራሱ ፍሬኑን ይይዛል። ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርም ሆነ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሌቨርና ሽቦ የላቸውም። አዲስ አበባ የሄዳችሁ ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች ባንድ ሐዲድ ሲሄዱ አይታችኋል። ልደታ ላይ ሲለያዩ አንዱ የሌላውን መንገድ እንዳይቀማ የሚያደርገው በኮምፒዩተር የተጻፈው ያው የሳክስቢ መወርወሪያ ነው።

እንግዲህ ኮምቦልቻ። ይህ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ምልክቱም፣ የሐዲድ መቀየሪያው ሞተርም፣ መገናኛውም የሚኖረው በኬብልና በኃይል ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የፕሮጀክቱ ንብረትም እንደ ከተማው ንብረት ተዘርፏል፣ ተጎድቷል። በጅቡቲው መስመር ላይ ደግሞ የኬብልና የብረት ስርቆት ኩባንያው ደጋግሞ የሚያሰማው አቤቱታ ነው። አሁን የነገርኳችሁን መርሕ እዚህ ላይ አምጡት። ሌባ ኬብል ሲቆርጥ ባቡር አይጋጭም፤ ቀይ ይበራል፤ ባቡሩ በበረሃ ይቆማል፤ ሠራተኛው በሬዲዮ እያረጋገጠ በቀስታ ያስኬደዋል፤ ከኋላው ያለው ይሰለፋል፤ ወደቡ ላይ ያለው ማዳበሪያ ይዘገያል። መሐንዲሱ ለሕይወታችን ዋስትና ሰጥቷል፤ ለጉዟችን ግን ዋስትና መስጠት አይችልም። እኔ ስለ መስመሩ መዘግየት ሲወራ ሐዲዱና ምሰሶው ብቻ መቆጠሩ ቅር ይለኛል። ሐዲድ ከሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ሪሌዩን የሚፈትሽ፣ ኬብሉን የሚቀጥል፣ ሌሊት በ9 ሰዓት ስክሪን ፊት ተቀምጦ የማያንቀላፋ ሰው ማፍራት ነው፤ እዚሁ ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ሐዲዱም ከደጁ ሩቅ አይደለም።

ድሬዳዋ የምትሄዱ ወጣቶች የድሮውን ጣቢያና ጥገና ቤቱን አስፈቅዳችሁ እዩ። ሞተሮቹንና መኪኖቹን ሁሉም ፎቶ ያነሳል። እናንተ የጣቢያውን ስልክ ፈልጉ፤ ሐዲድ መቀየሪያው ላይ ያለውን ክብደት በእጃችሁ አንሱና መልሳችሁ ልቀቁት፤ ወደ የትኛው ወገን እንደሚወድቅ ልብ በሉ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ልጆች ላሏችሁ። ሐዲዱ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ የሚያውቀው የብረት ጎማንና ዘንግን ነው። ላም አያውቅም፤ ግመል አያውቅም፤ ከትምህርት ቤት አቋርጦ የሚመለስ ልጅም አያውቅም። ልጁ ሐዲዱ ላይ ቢቆም ምልክቱ አረንጓዴ እንዳለ ይቆያል። የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ እንደ ድሮው አያጓራም፤ በንፋስ ቀን ሳይሰማ ይደርሳል። ዛሬ ጸጥ ያለው ሐዲድ ለእግር መንገድ ይመቻል፤ የለመደ እግር ባቡሩ ከመጣ በኋላ ቶሎ አይታረምም። ስለዚህ በሐርቡ፣ በኮምቦልቻና መስመሩ በሚያልፍባቸው ቀበሌዎች ያሉ ትምህርት ቤቶች ይህን ከመጀመሪያው ባቡር በፊት ማስተማር ይኖርባቸዋል፤ በመሻገሪያው ካልሆነ አለመሻገርን፣ መዝጊያው ሲወርድ ከሥሩ አለመሹለክን፣ አንዱ ባቡር ካለፈ በኋላም ከወዲያ ሌላ ሊመጣ እንደሚችል።

 ጥያቄ ያላችሁ ከፊት ጀምሩ።